ካብ ላይ የተሰጣው ዝተት

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የመጨረሻ ልጄን ቢያህል ነው። ወረቀቱን እያየ ሌሊት ለሽንት ስንት ጊዜ እንደምነሳ ጠየቀኝ። አራት ጊዜ አልኩት፤ አንዳንዴ አምስት። ስኳር የለብኝም፣ ኩላሊቴም ደህና ነው። ከመቼ ጀምሮ ነው ሲለኝ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ብዬ መለስኩለት። ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ እኔም ወረፋ የሚጠብቅ ሰው አለ ብዬ አብሬው ሳቅሁ። ከመኝታ በፊት ውኃ እንዳላበዛ መክሮ ሸኘኝ። ይህን ምክር በልጅነቴ ቤታችን ውስጥ በየማታው ስሰማው ያደግሁት ነው። ያኔ ግን የሚመከረው ወንድሜ ነበር።

ነገሩን ሳላድበሰብስ ልናገረው። በልጅነታችን ሌሊት የምሸናው እኔ ነበርኩ። የሚገረፈው ደግሞ ወንድሜ ነው። በሁለት ዓመት ያንሰኛል።

ቤታችን ከጓሳ ተራራ ወረድ ብሎ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የድንጋይ ቤት ነው። በጎቹ በታች በኩል ያድራሉ፣ እኛ በላይ በኩል መደቡ ላይ። እኔና ወንድሜ አንድ አጎዛ ላይ ተኝተን አንድ ዝተት እንለብሳለን። ዝተት ከበግ ፀጉር የሚሸመን ወፍራም ልብስ ነው፤ ደረቁም ቢሆን ለልጅ ይከብዳል። ከረጠበ ግን አንድ በግ በቁሙ እንደመሸከም ነው። በዚያ ብርድ ሦስት ቀን ተሰጥቶም በወጉ አይደርቅም። የሚሰጣበት ደግሞ ሌላ ቦታ የለም፣ ግቢውን ያጠረው የድንጋይ ካብ ላይ ነው። ቅዳሴ የሚሄደውም፣ ገበያ የሚወርደውም፣ ቀብር የሚደርሰውም ያየዋል። በእኛ አገር የሸና ልጅ ስሙ እስኪነሳ መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ካቡ ይናገርለታል።

ሰው ሳያውቅብኝ እንዴት እንደኖርኩ ልንገራችሁ። ሴት ስለሆንኩ ነው። ከሁሉ በፊት ተነስቶ የተዳፈነውን እሳት ገልጦ ኩበት መጨመር የእኔ ሥራ ነበር። ረጥቤ ስነቃ መጀመሪያ ወንድሜን ቀስ ብዬ ወደ እርጥቡ እገፋዋለሁ። እንቅልፋም ነው፤ እንደገፉት ይገለበጣል። እሱን ካስተካከልኩ በኋላ ወርጄ ምድጃው ዳር እቀመጣለሁ። ቀሚሴን ከፊትም ከኋላም ለእሳቱ እያዞርኩ አደርቃለሁ። የኩበት ጭስ ደግሞ ሽታ አያስተርፍም። እናቴ ስትነሳ እሳቱ ነዷል፣ ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ልጁ እርጥብ ላይ ተኝቷል። ሌላ ምን ምስክር ትፈልጋለች?

አገሩ ሁሉ በእሳት የሚጫወት ልጅ ሌሊት ይሸናል ብሎ ያምናል። ስለዚህ ወንድሜ እሳት አጠገብ እንዳይደርስ ተከለከለ። በዚያ ውርጭ፣ በዚያ የጥር ጠዋት፣ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ በሩ ጥግ ይቆማል። እኔ ሽንቴን እያደረቅሁ ምድጃው ዳር ተቀምጫለሁ። እናቴ ሳማ ቆርጣ መጥታ ጭኑን ትገርፈዋለች። እሱ አያለቅስም። አለማልቀሱ ደግሞ ድፍረት ተብሎ ሌላ ያስጨምርበታል። ሲያበቃ ዝተቱን ተሸክሞ ወንዝ ይወርዳል፣ በእንዶድ ይረግጠዋል፣ አባቴ መጥቶ አብሮት ይጨምቀዋል፣ ካቡ ላይ ይሰጡታል። ይህ በሳምንት ሁለቴ፣ ቢያንስ አንዴ ነው።

አብዮቱ ፈንድቶ ገበሬ ማኅበሩ የተቋቋመበት ጊዜ ነበር። ልጆች በየሰልፉ የሚባለውን ቃል ይዘው ይመጡና ወንድሜን ሲያዩ ግራ እጃቸውን ጨብጠው ያነሳሉ። አንዱ «ሽንታም!» ሲል የቀሩት «ይውደም!» ይላሉ። አንድ ቀን ከእነሱ መሀል ቆሜ እኔም እጄን አንስቻለሁ። ካላነሳሁ የሚጠረጥሩኝ መስሎኝ ነው። ወንድሜ አየኝ፤ አይቶም እንዳላየ ሆነ።

ሲብስበት መሪጌታው ክታብ ጻፉለት። በቀይ ቆዳ ተሰፍቶ አንገቱ ላይ ታሰረ። ክታቡ በእሱ አንገት፣ በሽታው በእኔ ሆድ። እኔ በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ ሸናሁ። መሪጌታው ልጁ ክታቡን አርክሶታል አሉ፤ ለዚህም ተገረፈ።

ሁለታችንም አራተኛ ክፍልን የጨረስነው እኩል ነው፤ እኔ ዘግይቼ ስለገባሁ። በአቅራቢያችን ያለው ትምህርት ቤት ከዚያ አያልፍም ነበር። አምስተኛ ክፍል ለመማር መሐል ሜዳ ገብቶ ሰው ቤት ማደር ያስፈልጋል። የአባቴ እህት እዚያ ጠላ እየሸጡ ይኖሩ ነበርና አንድ ልጅ ልቀበል ብለው ላኩ፤ አንድ ብቻ። የሚሄደው ማን እንደሆነ የሚያከራክር አልነበረም። ወንድሜ ከክፍሉ አንደኛ ነው። እኔ መሀል ነኝ፣ ደግሞም ሴት ነኝ። ለእኔ የታሰበው ሌላ ነበር፤ ከማዶ ሰፈር ሽማግሌ አንድ ጊዜ መጥቶ ሄዷል። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር።

አባቴ ለሚሄደው ልጅ ባና ሸመነ። ባና ከዝተት ሳሳ ያለ፣ የሰው ፊት የሚቀርብ ልብስ ነው። ፀጉሩን ከራሳችን በጎች ሸልቶ፣ እናቴ ፈትላው፣ እሱ በጋውን ሙሉ የሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ ሠራው። ጥቁር ሆኖ ጠርዙ ላይ ነጭ መስመር አለው። ወንድሜ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እየሄደ በጣቱ ይነካው ነበር።

አክስታችን ለማየት መጡ። ገና ከመንገድ ካቡ ላይ የተሰጣውን ዝተት አዩ። ተቀምጠው ትንሽ እንደቆዩ ለእናቴ ሳይደብቁ ነገሯት። ቤታቸው ሰው ጠላ የሚጠጣበት ቤት ነው፣ አንድ ክፍል ነው፣ ሽንታም ልጅ አያስገቡም። እናቴ ለመነቻቸው። ጠበል እናስጠምቀዋለን፣ ሰባት ቀን ይታገሡን አለች። አክስቴ እሺ ብለው እኛው ጋ ሰነበቱ። ሰባቱን ሌሊት በደረቅ ካደረ ይዘውት ይሄዳሉ፤ ካላደረ ልጅቷን እወስዳለሁ፣ ቢያንስ እንስራ ታጥብልኛለች አሉ።

ጠበሉ ከገደሉ ሥር ነው። ጎህ ሳይቀድ ወንድሜን ያወጡታል፣ ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል። ራቁቱን አቁመው ያፈሱበታል። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ሲመለስ እሳት አይቀርብም፤ እሳት ክልክል ነዋ። የእኔን በሽታ ለሰባት ቀን በእሱ ላይ አጠመቁት።

እኔ ደግሞ ስድስት ሌሊት አልተኛሁም። ይህን ስል ራሴን ጥሩ ሰው ላስመስል አይደለም፤ በእነዚያ ሌሊቶች በእውነት እንዲሄድ ፈልጌ ነበር። ክንዴን እነክሳለሁ፣ የበጎቹን ማመስኳት እቆጥራለሁ፣ ሁለቴ ሦስቴ ወጥቼ ውርጭ ላይ እቀመጣለሁ። ስድስት ሌሊት በደረቅ አደርን። እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። አባቴ ባናውን ጠቅልሎ በገመድ አሰረው።

በሰባተኛው ቀን ማታ ግን የማዶዎቹ ሽማግሌዎች ተመልሰው መጡ። ወንድሜ ከሄደ በኋላ ቀን ይቆረጥ ተባባሉ። እኔ ጓዳ ሆኜ ሰማሁ። የታየኝ ሠርግ አይደለም፤ የታየኝ የሰው ቤት፣ የሰው መደብ፣ ጠዋት የሚሰጣ የሰው ዝተት ነው። እዚያ የምገፋው ወንድም የለኝም። በሳምንቱ ያባርሩኛል፣ አገር ሁሉ ለምን እንደተባረርኩ ያውቃል። ይህን ሳስብ ተኛሁ። የስድስት ቀን እንቅልፍ ባንድ ጊዜ ወሰደኝ።

ሌሊቱ ሊነጋ ሲል ረጥቤ ነቃሁ። አሁንም ምርጫ ነበረኝ። ወርጄ እናቴን ቀስቅሼ እኔ ነኝ ማለት እችል ነበር። በጨለማው ውስጥ ትንሽ ተቀመጥኩ፤ ብዙ ጊዜ ግን አይደለም። እጄን ወንድሜ ጀርባ ላይ አድርጌ ገፋሁት። የቀድሞዎቹን ልጅነት ልላቸው እችላለሁ። የዚያን ሌሊቱን አስቤበት ነው የሠራሁት።

ሲነጋ አልገረፉትም። እናቴ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አክስቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ፣ እኔን ልብስሽን ያዢ አሉኝ። አባቴ የታሰረውን ባና ወስዶ ለእኔ አሸከመኝ። የማዶዎቹ ጉዳይ በዚያው ቀረ። ወንድሜ ዝተቱን ይዞ ወደ ወንዝ ሲወርድ በመንገዱ ተላለፍን።  

መሐል ሜዳ ገብቼ አንድ ሌሊት አልሸናሁም። ጠበሉ ለእኔ ሠራ ልበል? ፍርሃት ነው የሠራው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባለውን ለቀቅሁት። ባናው እንዳይረጥብ በየሁለት ሰዓቱ እነሳለሁ፤ ሽንት ኖረኝም አልኖረኝም እወጣለሁ። አክስቴ ይህች ልጅ ምን ትጠብቃለች እያሉ ጠላ ጠጪዎቹን ያስቁብኝ ነበር። እስከ ዛሬ ያው ነው። ሐኪሙ የሳቀው በዚህ ነው።

ወንድሜ እርሻ ገባ። እኔ ከሄድኩ በኋላ ሽንቱ «ተወው»፤ ተአምር ነው ተባለ። አንደኛ የወጣበትን ደብተር እናቴ ለጨው መጠቅለያ አደረገችው። እኔ ክረምት ስመጣ መጻሕፍቴን ተቀብሎ ሌሊት በኩራዝ ያነብ ነበር፤ የማይገባኝን ሒሳብ የሚያስረዳኝ እሱ ነው። ሳላፍር ዓይኔን በጨው ታጥቤ እጠይቀው ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስደርስ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ መጣ። ለየገበሬ ማኅበሩ ይህን ያህል ሰው አምጡ ተባለ። ተማሪ ለጊዜው አይነካም። የሊቀመንበሩ ልጅ ተማሪ ነው፣ የጸሐፊው ወንድም ተማሪ ነው፣ እኔም ተማሪ ነኝ። ወንድሜ ግን አሥራ ስምንት የሞላው ጤነኛ ገበሬ ነው። ከስብሰባ እንዳይወጣ በሩን ይዘው ወሰዱት።

መሐል ሜዳ አንድ የታጠረ ግቢ ውስጥ ሰብስበዋቸው ነበር፤ በነጋታው መኪና መጥቶ ይጭናቸዋል። በሶ አዘጋጅቼ፣ ባናውን ተሸክሜ ሄድኩ። በአጥሩ ቀዳዳ ተጠራርተን ተገናኘን። ባናውን ሳቀብለው በጣቱ ነክቶ መለሰልኝ። የሚወስዱን ቆላ ነው ይላሉ፣ እዚያ ብርድ የለም፣ ለምን ይጠፋል አለኝ። ልነግረው ነው የመጣሁት።  እሱ ቀደመኝ።

«እታለም፣ አሁንስ ሌሊት ትተኚያለሽ?» አለኝ።

 አጥሩን ያዝኩ።

«እነቃ ነበር» አለኝ። «ሞቅ ያለው ሲደርሰኝ ካንቺ ቀድሜ ነው የምነቃው። ስትገፊኝ እገለበጥልሽ ነበር።»

ለምን ዝም አልክ አልኩት። አንቺ ዱላ አትችይም፣ እኔ እችላለሁ አለ፤ ሌላ ምክንያት የለውም ይመስል። ሰባተኛውንስ ሌሊት አልኩት። እሱንም ነቅቶ ነበር። ሽማግሌዎቹን እሱም ሰምቷቸዋል፤ ለማዶዎቹ ቢሰጡሽ ይመልሱሽ ነበር አለ። ወንዝ ከወረደ በኋላ ግን አልቅሷል። እስከዚያ ቀን ድረስ አልቅሶ አያውቅም።

ዘበኛው ይበቃል እያለ መጣ። ወንድሜ አፉን ወደ ቀዳዳው አስጠጋ።

«አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ለእማዬ ንገሪያት። አሁን አይደለም፣ ስሄድ። ብቀር እንኳ ሽንታም ልጄ እያለች እንዳታለቅሰኝ።»

እሺ አልኩት። በቤተ ክርስቲያኑ ስም ማልኩለት።

አልነገርኳትም። መጀመሪያ እስኪጽፍ ልጠብቅ አልኩ። አንድ ደብዳቤ ጻፈ፤ ለቤቱ ሰው ሁሉ ሰላምታ አቅርቦ መጨረሻው ላይ «እታለም አደራዬን» ይላል። አባቴ ምን አደራ ነው ቢለኝ መጻሕፍቴን ጠብቂልኝ ማለቱ ነው አልኩ። ከዚያ አባቴ ታመመ፣ ከዚያ ሞተ፣ ሐዘን ላይ ሐዘን አልጨምርም አልኩ። ለፈሪ ምክንያት ጠፍቶበት አያውቅም፤ እኔ ሞልቶኝ ነበር።

መንግሥት ተለውጦ ሠራዊቱ ሲበተን የተመለሰው ተመለሰ። የሰፈራችን ልጅ አንድ እግሩን እየጎተተ መጥቶ ወንድሜን ራሱ እንደቀበረው ተናገረ። መርዶውን ጎህ ሲቀድ ነገሩን። ለቅሶ ተቀመጥን። እናቴ ደረቷን እየመታች የምታለቅሰው ስለ ጀግንነቱ አልነበረም። በሳማ የገረፍኩህ፣ በውርጭ ያስጠመቅሁህ፣ እሳት የከለከልኩህ ሽንታሙ ልጄ እያለች ነው። እንዳታለቅሰኝ ያለውን፣ አንዱን ቃል ሳታስቀር፣ ያንኑ እያለች አለቀሰችው። ለቀስተኛው ሁሉ ዝተቱን ካቡ ላይ ያየ ሰው ነውና ራሱን እየነቀነቀ አብሯት አለቀሰ። አክስቴ ሳይቀሩ ምነው ያኔ በወሰድኩት አሉ።

ተነስቼ መናገሪያዬ ያ ነበር። ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበረም፣ አይኖርምም። እኔ ግን ወድቄ ተንከባለልኩ፣ ፀጉሬን ነጨሁ፣ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። ለወንድሟ እንዴት ታለቅሳለች ብለው ሲያነሱኝ ሰማሁ። ስለዚያ ምስጋና ራሴን እስከ ዛሬ እጸየፋለሁ።

እናቴ ስታረጅ እኔ ጋ መጣች። ሥራ ይዤ፣ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ከተማ እኖራለሁ። ብርድ ልብስ ብገዛላትም አልሞቅ አላት፤ ያንን ባና አልብሺኝ አለች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሌሊት ሽንቷ ያመልጣት ጀመር። ላስቲክ አነጠፍኩላት። ታፍራለች፤ ጠዋት ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አገኛታለሁ። አንድ ቀን ገላዋን ሳጥብ እጄን ያዘችኝ።

«ለካ ሰው ሳያውቀው ነው» አለች። «ለካ ጥፋት አይደለም። ያንን ልጅ በከንቱ ገረፍኩት።»

እጄን አልለቀቀችም። ዓይኗ ደክሟል፣ እኔን ግን ታየኛለች። ሌላ የሚሰማ ሰው ቤቱ ውስጥ አልነበረም፤ የምፈራው አክስት፣ ሽማግሌ፣ ባል የለም። ስልሳ ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ልናገር የነበረው እኮ ሦስት ቃል ነው።

«ይሁን እማዬ፣ ደረቁ ላይ ተኚ» አልኳት።

ባናውን ይዤ ወጣሁና አጥቤ በግቢው አጥር ላይ ሰጣሁት። ጎረቤቴ ከማዶ ሆና ምነው የልጅ ልጆቹ ሸኑባችሁ እንዴ አለችኝ። ጥያቄዋን እስክትጨርስ እንኳ አልጠበቅሁም።

«እናቴ ናት» አልኳት።

እውነት ነበር። ግን እንዴት ፈጥኖ ከአፌ እንደወጣ ራሴ ሰማሁት። እጄ ባናው ላይ እንዳለ ቆሜ ቀረሁ። እናቴ በዚያው ክረምት አረፈች። አደራውን አልነገርኳትም።